አደንጓሬ በስኳር

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ለራሴ ምሳ ለመሥራት ተነሣሁና አልቻልኩም። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በሆስፒታል ማብሰያ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። የክክ ወጥ ለመቶ ሃያ ሰው እንዴት እንደሚሠራ በደብተሬ ላይ ተጽፏል፤ ሳላየውም በቃሌ እወጣዋለሁ። እስክሪብቶ አነሣሁና እያንዳንዱን መጠን ለመቶ ሃያ አካፈልኩት። ክኩ አንድ እፍኝ መጣ። ሽንኩርቱ የአንድ ራስ ግማሽ መጣ። ጨውና ቅመሙ ላይ ስደርስ ግን ቁጥሩ በጣት የማይያዝ ሆነ። ለአንድ ሰው ሲሆን ጨው የሚባለው ነገር ይጠፋል። ደብተሩን ዘጋሁትና ዳቦ በሻይ በላሁ።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ሰው ስለ ምግብ ሥራ ሲጽፍ አንባቢው ምራቁን እንዲውጥ ያደርጋል። እኔ እንደዚያ ዓይነት አብሳይ አልነበርኩም። ያበሰልኩት በአብዛኛው ሰው ወዶ የማይበላውን ነው። የምሠራው መጋዘን ውስጥ በተገኘው እንጂ ከገበያ በተመረጠው አልነበረም። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ነገሮችን አንድ ድስት ውስጥ ከትቼ ብሉ ስል ኖሬአለሁ። በዚህ አልኮራም፣ አላፍርምም። የማፍርበት ሌላ ነገር አለ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ ጅጅጋ ነበርኩ። ወታደር ነበርኩና ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ወሎ የሚመልሰኝ ሰውም ምክንያትም አልነበረኝም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከጓደኞቼ፣ ንባብ ያጠናሁት በእህል ጆንያ ላይ ከተጻፈው፣ ማካፈልና ማባዛት የተማርኩት ደግሞ በኋላ ከድስት ነው። በከተማው አንድ ሆስፒታል ውሃ ቀጂና እንጨት ፈላጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። የማብሰያ ቤቱ ኃላፊ ሃዋ የሚባሉ የደገሀቡር ሴት ነበሩ። ሁሉም ሰው ኤዶ ሃዋ ይላቸዋል፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እሳቸው እኔን እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ወታደር ነበር የሚሉኝ።

ኤዶ ሃዋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ቃል አያባክኑም። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ጠዋት እሳት ከመነደዱ በፊት በየክፍሉ ዞረው በሽተኛውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ምን ትፈልጋለህ ብለው አይደለም፤ እንደዚያ ብለው ቢጠይቁ የማይሰጡትን ተስፋ ማብላት ይሆንባቸዋል። ጥያቄያቸው፣ ቤትህ እያለህ ጠዋት ምን ትበላ ነበር የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ምግብ ሲታደል ከጭልፋው ጋር አይቆሙም። የሚቆሙት ማጠቢያው ጋ፣ ሳህን የሚመለስበት በር ላይ ነው። ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ያያሉ። የተረፈው ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ መረቁ ተጠጥቶ ክኩ ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይ ደግሞ ዳር ዳሩ ብቻ ተነክቶ እንደሆነ ይመለከታሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሥራ የሚፈቱ መስሎኝ ነበር።

ከውሃ ቅዳት ወደ ድስት ያሳደገኝ ጾም ነው። የዚያን ጊዜ ረመዳንና የኛ ዐቢይ ጾም ለተወሰኑ ዓመታት አንድ ላይ ይውሉ ነበር። በሌላው ጊዜ እሳቸው ሲጾሙ እኔ ወጡን እቀምስላቸዋለሁ፤ እኔ ስጾም ሥጋውን እሳቸው ይቀምሱልኛል። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የጾምንበት የመጀመሪያ ሳምንት ግን ለበሽተኞች የተሠራውን የሥጋ ወጥ የቀመሰ ሰው አልነበረም። እሳቸው ሳይቀምሱ በማሽተት ብቻ ጨው ጨመሩ። ዞር ሲሉ እኔም ማንም አልጨመረም ብዬ ጨመርኩ። ሳህኖቹ እንደሞሉ ተመለሱ። አንድ ሹፌር በሽተኛ፣ ኤዶ፣ ይሄን ወጥ ከበርበራ ባሕር ነው የቀዳችሁት ወይ ብሎ ሳቀባቸው። ኤዶ ሃዋ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው የጨመረ ሰው ጭልፋውን ድስቱ ክዳን ላይ አጋድሞ እንዲያስቀምጥ ደነገጉ። የተጋደመ ጭልፋ ያየ ሰው ጨው አይነካም። ይህን ሥርዓት እስከ ጡረታዬ ቀን ጠብቄዋለሁ፤ ለብዙ አብሳዮችም አስተምሬዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደገሀቡር አዲስ የሕክምና ጣቢያ ተከፍቶ ኤዶ ሃዋ ወደ አገራቸው ተዛወሩ። እኔንም በረዳትነት ጠይቀው ወሰዱኝ። ያን ጊዜ ጅጅጋ ያገባኋትን ባለቤቴን ቀብሬ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ስሟ ትዕግሥት ነው። ደሞዙ ከጅጅጋው ብዙም የተለየ አልነበረም፤ የሄድኩት ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ስላለ ነው። ልጄ ያደገችው በኤዶ ሃዋ ቤትና በማብሰያ ቤቱ ጓሮ መካከል ነው።

እዚያ ነው እንግዳ እንግዳውን ምግብ ማብሰል የጀመርኩት። አንድ ጊዜ በርዳታ የመጣ የቆርቆሮ ዓሣ መጋዘኑን ሞላው። የአካባቢው ከብት አርቢ ዓሣ አይበላም፤ የሚበላውንም ይንቃል። እኛ ደገኞቹ ደግሞ ከጾም ውጭ ዓሣ ትዝ አይለንም። ምግብ ይጣል ማለት ለእኔ ኃጢአት ነበረ፤ አሁንም ነው። ስለዚህ ዓሣውን በሎሚና በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ ወቅጬ፣ በብዙ ሽንኩርትና በርበሬ አቁላልቼ አተር ክክ ውስጥ ሰወርኩት። ሽታው እንዲጠፋ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመርኩበት። ኤዶ ሃዋ ቀመሱና ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁህ እንዳትዋሽ አሉኝ። እኔ ግን አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ሲጠይቀኝ አተር ነው አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው በሁለት ጣቱ አንዲት ቀጭን እሾህ ከፍ አድርጎ ይዞ ለክፍሉ ሁሉ አሳየ።

«ወገኖቼ፣ በደጋ አገር አተር አጥንት አለው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳህኖቹ እንደወጡ ተመለሱ። ለወራት ያህል ገበያ ስወርድ ባለ አጥንቱ አተር ይሉኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ መኮሮኒ በዱቄት ወተትና በእርድ ቀቅዬ አቅርቤያለሁ፤ ኃይል ሰጪ ነው ተብሎ። መልኩ የታመመ ሰው ዓይን ይመስላል፤ ሲቀዘቅዝ በማንኪያ አይቆረጥም። የቴምር ፍርፋሪ ከሽሮ ጋር አሽቻለሁ። ሩዝ በሻይ ቀቅያለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ተበልተዋል። የቀረው ፍየል ነው የበላው።

ይህን ሁሉ ያበሰልኩ ሰው ግን አንድ ነገር አልቀምስም ብዬ ነበር። የአካባቢው ሰው አምቡሎ የሚለው ምግብ አለ። ጥቃቅን ቀይ አደንጓሬ ያለ ጨው ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ቆይቶ፣ ሳህን ላይ ወጥቶ፣ መሐሉ በማንኪያ ተከፍቶ ዘይትና ስኳር ይፈስበታል። ኤዶ ሃዋ በየሳምንቱ ይሠሩት ነበር። አደንጓሬውን አዳሩን ይዘፈዝፉታል፤ የመጀመሪያውን ውሃ ይደፉታል። ከሰሉን በአመድ አፍነው ድስቱን ይጥዳሉ። ውሃ ሲጎድል የፈላ እንጂ ቀዝቃዛ አይጨምሩም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቅርፊቱን ያደነድነዋል። አያማስሉትም። ድስቱን ብቻ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዝ ያደርጉታል። ይህን ሁሉ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ብላ ሲሉኝ ግን፣ ኤዶ፣ ስኳር ያለበት አደንጓሬ የታመመ ሰው የሚያልመው ነው እላቸው ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን አስገድደውኝ አያውቁም። ልጄ ግን ሳህኑን በጣቷ እየጠረገች ትበላው ነበር። በእኔ ቤት እንዳይገባ ከለከልኩ። በእኔ ቤት ሰው የቀረበለትን ይጨርሳል፣ ቆሞ አይበላም፣ ጣፋጭና ወጥ አይቀላቅልም። እናት የሌላት ልጅ ሥርዓት ካልያዘች ትበላሻለች ብዬ አምን ነበር። ብዙ አባት እንደዚህ ያምናል።

ወደ ጉናጋዶ የተላክሁት በአንድ የድርቅ ዓመት ነው። ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች የተሰበሰቡበት መጠለያ ነበር። ሦስት ወር እንዳበስል ተመደብኩ። ልጄ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ለኤዶ ሃዋ ትቼአት ሄድኩ። የተሰጠኝ የስንዴና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው። አሠራሩ በወረቀት ተጽፎ ከዱቄቱ ጋር መጣ። ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ውሃ፣ ይህን ያህል ዘይትና ስኳር። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ለተጻፈ ነገር ያለው ክብር ትልቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል።

ሰዎቹ በልተዋል። ገንፎው ጣፋጭ ሙጫ ነበር፤ የጥሬ ዱቄት ሽታ አለው፤ ግን እናቶች ለልጆቻቸው እያሉ እነሱም በሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልበሉም። ጉሌድ ይባላሉ። አዴር ጉሌድ ነበር የሚሏቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ብቻቸውን ነው የመጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግመል ወተትና በሥጋ የኖሩ ሰው ነበሩ። በየጠዋቱ ሳህናቸውን ይቀበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ሁለት ጊዜ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ሳይበላ ሲቀዘቅዝ አየዋለሁ፤ ያንገበግበኛል። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሌላው እየበላ እርስዎ ለምን አይበሉም አልኩ።

«ልጄ፣ እኔ አልመረጥኩም። እንቢ ያለው ጉሮሮዬ ነው።»

ቀስ ብለው ነው የመለሱልኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመኑኝ። ገንፎው ቀጠን ብሎ፣ ስኳሩ ቀርቶ፣ ትንሽ ጨውና ቅቤ ቢገባበት፣ ከሱም ጋር ሻይ ቢኖር ይወርድልኝ ነበር አሉ። ጨው መጋዘን ውስጥ ነበር። ሻይ እኔ ራሴ በቀን ሦስት ጊዜ እጠጣ ነበር። ቅቤም ቢሆን የሚጠፋ አልነበረም። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሰብኩ። አንድ ሰው ከተለየ ነገ ሁሉም ይለያል አልኩ። ከዚህም በላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ የተቸገረ ሰው ሲመርጥ ማየት አናደደኝ።

«አዴር፣ ይህ ሻይ ቤት አይደለም» አልኳቸው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ሌሎቹ እንዲማሩበት ፈልጌ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት እሳት ለማንደድ ስመጣ ሳህናቸው በማብሰያው ደጃፍ ላይ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። ንጹሕ ነበር። ሰውየው የሉም።

ከሳምንት በኋላ ኤዶ ሃዋ ዱቄት ከጫነ መኪና ጋር መጡ። ከመኪናው ሳይወርዱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያልበላ ማን ነው የሚል ነበር። ነገርኳቸው። ምን ይበላ ነበር አሉኝ። ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰጠኋቸው አልኩ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አወረዱና አንብብልኝ አሉ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ሌላ ነገር አይጨመርበት የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። በየቀኑ አየው የነበረ ወረቀት ነው። የከለከልኩት እኔው ነኝ።

ኤዶ ሃዋ ዱቄቱን ደረቁን ብረት ድስት ላይ አምሰው የጥሬ ሽታውን አስለቀቁት። ቀጠን አድርገው አበሰሉት። ግማሹን በስኳር፣ ግማሹን በጨውና ከቤታቸው ባመጡት ቅቤ አደረጉ። በትልቁ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፈሉ። ሰው የፈለገውን ወሰደ። ያን ቀን የተመለሱት ሳህኖች መታጠብ የሚያስፈልጋቸው አይመስሉም ነበር። የውሃ መኪና ሹፌር ከሰዓት በኋላ መጥቶ አዴር ጉሌድን ወደ ድሮ ሰፈራቸው በሚወስደው መንገድ ላይ ከግራር ሥር ሞተው መንገደኞች እንዳገኟቸውና እንደቀበሯቸው ነገረን። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ እርጅናም ነው፣ ረሃብ ብቻ አይደለም አለኝ። እኔ በዚህ አልተጽናናሁም። አንባቢም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም።

ከዚህ ትምህርት ያገኘሁ ይመስላችኋል። በሥራዬ ላይ አግኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሳልጠይቅ ያበሰልኩበት ቀን የለም። አሁን የምናገረው ግን ከጉናጋዶ ወደ ቤቴ ስለተመለስኩበት ቀን ነው።

ደገሀቡር የደረስኩት ቀትር ላይ ነው። ልቤ በሽማግሌው ተይዟል፤ ለሰው ሰላምታ መስጠት እንኳ ከብዶኝ ነበር። ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሥታ ጥዳለች። ኤዶ ሃዋ ተቀምጠው በቃል ብቻ ነግረዋታል፤ በእጃቸው አልነኩም። በሕይወቷ ለእኔ ያበሰለችው የመጀመሪያ ምግብ ነው። ክዳኑን ስትከፍተው አደንጓሬ ነው፤ መሐሉ ላይ ስኳርና ዘይት። ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣ አባቷ እስካሁን ያልቀመሰውን ነገር ይቀምስላት ይሆናል ብላ አስባ ነበር። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ አንቺ በምግብ ትጫወቺያለሽ አልኳት። ሳህኑን አንሥቼ ወጣሁና ለፍየሎቹ ደፋሁት።

ትዕግሥት አላለቀሰችም። ባዶውን ሳህን ከእጄ ተቀብላ አጠበችው፤ አጥባም ደፋችው። ሳህኑ ተደፍቶ ሳየው የጉናጋዶው ደጃፍ ታየኝ፤ ግን አባት ነኝና ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ኤዶ ሃዋ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ወታደር፣ የጉናጋዶውን ሰውዬ ይዘኸው መጣህ» አሉኝ።

ይህን ብለው ወጡ።

ልጄ ከዚያ በኋላ አብስላልኝ አታውቅም። እኔ ያበሰልኩትን በሥርዓት፣ ሳታስተርፍ፣ ሳትናገር ትበላ ነበር፤ ልክ እንደ ደነገግሁት። ሳህን ማንበብ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የሷን ንጹሕ ሳህን ግን ማንበብ አልቻልኩም ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ ሐረር ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዘች። እኔ ወደ ጅጅጋው ሆስፒታል ተመልሼ ዋና አብሳይ ሆንኩ። ሁለት ኃላፊዎች አለፉብኝ፤ ሁለቱም ደህና ሰዎች ነበሩ፣ ማብሰያ ቤት ግን ገብተው አያውቁም። በመጨረሻው ዓመት ማብሰያ ቤቱ ተዘጋና ምግቡ ከውጭ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ መምጣት ጀመረ። ዕቃው ተበልቶ ይጣላል። የሚመለስ ሳህን የለም። ያን ምግብ ከውጭ የሚያበስለው ሰው በሽተኛው መብላት አለመብላቱን በምን እንደሚያውቅ አላውቅም። የጡረታ ወረቀቴን ፈርሜ ወጣሁ።

ትዕግሥት በወር አንድ ቅዳሜ ትመጣለች። ከሐረር የሚመጣ መኪና ባቢሌ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ምሳ ይበላል። ልጄ በር ላይ ስትደርስ በእጇ አንድ ፌስታል የባቢሌ ለውዝ ይዛለች። እኔ ምግብ አቅርቤ ስጠብቃት፣ አባባ፣ ባቢሌ በልቻለሁ ትለኛለች። ለውዙን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ስለ ሥራዋ እጠይቃታለሁ፤ ስለ ደም ግፊቴ ትጠይቀኛለች። ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ እሸኛታለሁ። ለውዙን አልበላውም። ቁምሳጥን ውስጥ ሳይፈታ ተደርድሯል። ስከፍተው ልጄ ቤቴ ከመድረሷ በፊት ስንት ጊዜ እንደጠገበች ይታየኛል።

ኤዶ ሃዋ ከማረፋቸው በፊት ደገሀቡር ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ስለ ጤናቸው ስጠይቅ ትተውት፣ ልጅቷ ምን በላች አሉኝ። ባቢሌ በልታ ነው የምትመጣው አልኩ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ቤቷ እያለች ምን ትበላ ነበር አሉኝ። መልሱን ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ።

ይህንን ጥያቄ ተሸክሜ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከጡረታ በኋላ፣ ያ ጨው የጠፋበት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ጥቃቅን ቀይ አደንጓሬ ከገበያ ገዛሁ። ዓርብ ማታ ዘፈዘፍኩት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከሰሉን በአመድ አፍኜ ጣድኩ። ውሃ በሌላ ማንቆርቆሪያ አፈላሁ። አላማሰልኩም፤ ወዘወዝኩ። ጨው እጄ ላይ መጥቶ ነበር፤ ከልማድ ነው። መለስኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ፍሬው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ፣ ቅርፊቱ ግን ያልተገፈፈ ሆነ። መረቁ ወፍራም ሆነ። ክዳኑን ከድኜ ተቀመጥኩ። ለመቶ ሃያ ሰው ምግብ አቅርቤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ትዕግሥት ከሰባት ሰዓት በኋላ ገባች። ፌስታሉ በእጇ አለ።

«አባባ፣ ባቢሌ በልቻለሁ።»

ደግ አደረግሽ አልኳት። የቀረበልሽን ብዪ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። ለውዙን አስቀመጠች። ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። ስለ ደም ግፊቴ ጠየቀችኝ። ሻይ ለማፍላት ወደ ምድጃው ሄደችና ድስቱን ከእሳቱ ለማንሣት ክዳኑን ስትነካ ሽታው ወጣ። እጇ ቆመ። ጀርባዋን ነው የማየው። ክዳኑን ከፈተች፤ ብዙ ጊዜ አየችው። ማንኪያ ፈለገች፤ የት እንዳለ ታውቃለች። ሳህን ላይ አወጣች፣ መሐሉን ከፈተች፣ ያዘጋጀሁትን ዘይትና ስኳር ጨመረች። እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ ጎረሰች። በእኔ ቤት ቆሞ መብላት ክልክል ነበር።

«ዘይቱ የሰሊጥ አይደለም» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «ኤዶ የሰሊጥ ነበር የምታደርገው።»

ሺህ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ ዘይቱ ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አላወቅኩም ልጄ አልኳት። ያን ቀን ለፍየሎቹ የደፋሁትንም አንሥቼ ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ሲወጣ እንዳሰብኩት ረጅም አልነበረም። ጥቂት ጎረሰች፤ ባቢሌ በልታ መጥታለችና ግማሹ ላይ አቆመች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከለውዙ አጠገብ አስቀመጠችው። መናኸሪያ ስሸኛት መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ፣ በሚቀጥለው የሰሊጥ ዘይት ከሐረር ይዤ እመጣለሁ አለችኝ።

ቤት ተመልሼ የተረፈውን ሳህን አየሁት። ከመሐል ነው የተበላው፣ ስኳሩ ካለበት። ዳሩ ቀርቷል። ተቀመጥኩና ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም፤ የጣፈጠ አደንጓሬ አሁንም ለእኔ እንግዳ ነገር ነው። ግን አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም።

በደብተሬ ያለው አሠራር ሁሉ ለመቶ ሃያ ሰው ወይም ለሁለት መቶ ሰው ብሎ ይጀምራል። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ይህን ጨመርኩ፦

ለሁለት ሰው። ሦስት እፍኝ ጥቃቅን ቀይ አደንጓሬ ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፤ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል። በታፈነ ከሰል ላይ እስኪፈርስ ይቆያል። የሚጨመረው ውሃ የፈላ ይሁን። ጨው አይገባም፤ አይማሰልም። የሰሊጡን ዘይት ትዕግሥት ታመጣለች። ስኳሩን የሚበላው ሰው ራሱ ይጨምር።